የማዕቀብ የጓሮ በር፦ የተከለከለ ዕቃ በማን እጅ ያልፋል?

አንድ መንግሥት ወረራ ሲፈጽም፣ የሰፊውን ሕዝብ መብት ሲረግጥ ወይም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ለማከማቸት ሲነሣ፣ ሌሎች መንግሥታት ጦር ሳያዘምቱ ከሚወስዷቸው እርምጃዎች አንዱ የንግድ ማዕቀብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ክልከላው መታወጁና ዕቃው በእርግጥ መቆሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በዋናው በር እንዳይገባ የተባለ ዕቃ በጓሮ በር ሲገባ ብዙ ጊዜ ታይቷል። የጓሮውን በር የሚከፍተው ማን ነው? ለምንስ ሳይዘጋ ይቀራል? ጥቅሙን የሚያገኘው፣ ጉዳቱንስ የሚሸከመው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተጨባጭ ታሪክ ላይ ተመሥርተን ለመመልከት እንሞክራለን።

በቅድሚያ የአሠራሩን ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። አንድ ፋብሪካ ምርቱን ማዕቀብ ወደተጣለበት አገር በቀጥታ ቢልክ ወዲያው ይታወቅበታል። ስለሆነም ፈላጊው ወገን በሦስተኛ አገር የንግድ ድርጅት ያቋቁማል፤ ወይም ደላላ ይገዛል። ደላላው ዕቃውን በስሙ ያዛል፤ የመጨረሻው ተጠቃሚ እኔ ነኝ ብሎ ይፈርማል። ዕቃው በነፃ ወደብ መጋዘን ጥቂት ቀናት ካደረ በኋላ አዲስ ዲክላራሲዮን፣ አዲስ የጭነት ሰነድና አዲስ ባለቤት ይዞ ጉዞውን ይቀጥላል። ብረቱ ያው ብረት ነው፤ የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። በሌላ አነጋገር ማዕቀብ በአብዛኛው የሚጣሰው በሌሊት በምትሾልክ ጀልባ ሳይሆን፣ በጠራራ ፀሐይ ማኅተም በተመታበት ወረቀት ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ብዙዎቹ ዕቃዎች ሁለት ባሕርይ ያላቸው መሆኑ ነው። የልብስ ማጠቢያ መኪና የሚያንቀሳቅስ የኤሌክትሮኒክ ክፍል ሚሳይልንም ሊመራ ይችላል። ማዳበሪያ ለማምረት የሚያገለግል ኬሚካል ፈንጂም ይሆናል። ስለዚህ የቁጥጥሩ ዋና ጥያቄ «ዕቃው ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም፤ «በመጨረሻ የሚደርሰው ከማን እጅ ነው?» የሚለው ጭምር ነው።

የማዕቀብ ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አይደለም። በመስከረም 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገራችንን ሲወር፣ የመንግሥታት ማኅበር ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ፈረጀ፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 18 ቀን 1935 ጀምሮም ማዕቀብ ጣለ። ነገር ግን ከክልከላው ዝርዝር ውስጥ ነዳጅ አልነበረበትም። የስዊዝ ቦይም ለወራሪው መርከቦች አልተዘጋም። የማኅበሩ አባል ያልሆነችው አሜሪካም በማዕቀቡ አልታሰረችም። የመርዝ ጋዝ የጫኑት አውሮፕላኖች በአርበኛውና በገበሬው ላይ ሲያንዣብቡ ሞተራቸው የሚሠራው በማንም ባልተከለከለ ነዳጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1936 ማዕቀቡ ሲነሣ አዲስ አበባ በወራሪው እጅ ነበረች። ከዚህ የምንረዳው፣ ዋናው ዕቃ የተተወበት ማዕቀብ ለተወረረው ሕዝብ መጽናኛ ቃል እንጂ መከላከያ ጋሻ እንደማይሆን ነው።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያው ነዳጅ በሌላ የአፍሪካ ምድር እንደገና መፈተኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1965 በኢያን ስሚዝ የሚመራው የሮዴሽያ አናሳ የነጮች አገዛዝ ነፃነቱን በራሱ ሥልጣን አወጀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በኅዳር 1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰብስቦ፣ ብሪታንያ አመፁን ካልገታች አባል መንግሥታት ከእርሷ ጋር ያላቸውን የዲፕሎማቲክ ግንኙነት እንዲያቋርጡ ወሰነ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ጥበቃ ምክር ቤትም እ.ኤ.አ. በ1966 ነዳጅን የሚጨምር አስገዳጅ ማዕቀብ ጣለ፤ በ1968 ደግሞ ማዕቀቡን ወደ ሁሉም ንግድ አሰፋው።

የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከ1966 እስከ 1975 ድረስ ነዳጅ ወደ ሮዴሽያ እንዳያልፍ የሞዛምቢክን የቤይራ ወደብ በጦር መርከቦች ሲጠብቅ ኖረ። ነዳጁ ግን በዚያ በኩል አልነበረም። ከቤይራ በስተደቡብ ባለው በሎሬንሶ ማርኬስ፣ በዛሬው ማፑቶ፣ ወደብ ይራገፍና በባቡር ወደ ሮዴሽያ ይጓዝ ነበር። በሰነዱ ላይ ገዢ ሆኖ የተመዘገበው የደቡብ አፍሪካ ደላላ ነው። ምሥጢሩ በከፊል መውጣት ሲጀምር ደግሞ ሌላ ዘዴ ተፈጠረ። የፈረንሳዩ ኩባንያ የቶታል የደቡብ አፍሪካ ቅርንጫፍ ነዳጁን ለሮዴሽያ ያቀርባል፤ ሼልና ቢ.ፒ. ደግሞ የዚያኑ ያህል ነዳጅ ለቶታል በደቡብ አፍሪካ ይተካሉ። በዚህ ዓይነት «የብሪታንያ ነዳጅ ሮዴሽያ አይገባም» ማለት በወረቀት ላይ እውነት ሆነ። የስሚዝ ጦር መኪናዎች ግን አንድም ቀን አልቆሙም።

ይህ ሁሉ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1978 የቢንጋም ሪፖርት ሲታተም ነው። የልውውጡን ዘዴ ኩባንያዎቹ ብቻ ሳይሆኑ የብሪታንያ መንግሥት ባለሥልጣናትም እንዲያውቁት ተደርጎ እንደነበር ሪፖርቱ ገለጸ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ በጉዳዩ ለፍርድ የቀረበ ሰው አልነበረም። አንድ እጅ ቤይራን ሲጠብቅ ሌላው እጅ የጓሮውን በር ይዞ ነበር ማለት ነው።

በአንፃሩ በሩን በእርግጥ የዘጋው ማን ነበር? ነፃነቷን በተቀዳጀች በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1976፣ ከሮዴሽያ ጋር ያላትን ድንበር የዘጋችው ድሃዋ ሞዛምቢክ ነበረች። በውሳኔዋም የባቡርና የወደብ ገቢዋን አጣች፤ ለሮዴሽያ ጦር ጥቃትም ተጋለጠች። ለሮዴሽያ የቀረላት መውጫ በደቡብ አፍሪካ በኩል ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1980 ዚምባብዌ ነፃ ስትወጣ ዋናውን ዋጋ የከፈለው የታጋዩ ሕዝብ ደም ቢሆንም፣ የማዕቀቡን ሸክም በትከሻዋ የተሸከመችው ጎረቤትም ልትዘነጋ አይገባም።

የኋለኛው ዘመን ታሪክም ያንኑ መንገድ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2003 «ቢ.ቢ.ሲ. ቻይና» የተባለች መርከብ ወደ ሊቢያ ስታመራ ተይዛ ስትፈተሽ የዩራኒየም ማበልጸጊያ መሣሪያ ክፍሎች ተገኙባት። ክፍሎቹ በማሌዥያ ተሠርተው በዱባይ በኩል ያለፉ ሲሆኑ፣ የንግዱን መረብ የዘረጋው የፓኪስታኑ ሊቅ አብዱል ቃዲር ካን ነበር። የሠራው ፋብሪካ ዕቃው ለነዳጅና ጋዝ ኢንዱስትሪ የሚውል መስሎት እንደነበር አስታወቀ። የጸጥታው ምክር ቤት በሚያዝያ 2004 ባወጣው 1540ኛ ውሳኔ፣ አገሮች ሁሉ ከጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ጋር የተያያዙ ዕቃዎችን ወደ ውጭ መላክ ብቻ ሳይሆን መተላለፊያነትንና መልሶ መላክን ጭምር እንዲቆጣጠሩ አስገድዷል።

ሩሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ዩክሬንን ከወረረች ወዲህም ምዕራባውያን መንግሥታት የኤሌክትሮኒክ ክፍሎችን ሽያጭ አገዱ። ሆኖም በዩክሬን ምድር በወደቁ ሚሳይሎችና ድሮኖች ስብርባሪ ውስጥ የምዕራባውያን ኩባንያዎች ስም የተጻፈባቸው ክፍሎች ተገኝተዋል። መንገዶቹም የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች፣ ቱርክ፣ ሆንግ ኮንግና የመካከለኛው እስያ አገሮች እንደነበሩ ተገልጿል። የአውሮፓ ኅብረት ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ላኪዎች «ወደ ሩሲያ መልሶ መላክ ክልክል ነው» የሚል አንቀጽ በአንዳንድ ዕቃዎች የሽያጭ ውላቸው ውስጥ እንዲያስገቡ አስገድዷል። ውል ግን ያው ወረቀት ነው፤ ሻጩ ካልተከታተለው ከመሳቢያ አያልፍም።

እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባ ሌላ ገጽታ አለ። ቁጥጥር በራሱ ሁልጊዜ የፍትሕ መሣሪያ አይደለም። ከ1949 እስከ 1994 ድረስ ኮኮም በመባል የታወቀው የምዕራባውያን ኮሚቴ ወደ ሶሻሊስት አገሮች የሚሄደውን ቴክኖሎጂ ያገደው ለራሱ ጎራ የበላይነት ነበር። ከ1990 በኋላ በኢራቅ ላይ የተጣለው ሰፊ ማዕቀብም ከገዢዎቹ ይልቅ ምግብና መድኃኒት ያጣውን ተራ ሕዝብ ጎድቷል። ስለዚህ እኛ የምንደግፈው ሁሉንም ዕቃ በጅምላ የሚያግድ ክልከላን አይደለም። ዳቦውን ትቶ ጥይቱን የሚይዝ፣ ለኃያሉም ለደካማውም በአንድ ሚዛን የሚሠራ ቁጥጥርን ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ቁጥጥር በሚኒስቴር ማኅተም ብቻ አይፈጸምም። ወረቀቱን የሚሞላው ጸሐፊ፣ ሣጥኑን የሚያነሣው ወዛደር፣ ትራንዚተሩ፣ የመጋዘን ጠባቂውና የጉምሩክ ፈታሹ ከማንም በፊት ዕቃውን ያያሉ። ምልክቶቹም የተሰወሩ አይደሉም። አንደኛ፣ የመጨረሻው ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ ትናንት የተቋቋመ የምግብ ነጋዴ ዛሬ የረቀቀ ማሽን ሲያዝ፤ ሦስተኛ፣ ገዢው ከገበያው በላይ ከፍሎ ተከላም ሆነ ጥገና አልፈልግም ሲል፤ አራተኛ፣ የጉዞው መስመር ያለ ምክንያት ሲጠማዘዝ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄውን ያነሣ ሠራተኛ ግን ከሥራው የሚባረር ከሆነ ማንም አይጠይቅም። ስለሆነም ለዚህ ሠራተኛ የሕግ ከለላ መስጠት የቁጥጥሩ አካል እንጂ ችሮታ ሊሆን አይችልም።

ከ1928 ዓ.ም. እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው። ደላላው የሚኖረው ኃያላኑ በሚተዉለት ክፍተት ውስጥ ነው። ክፍተቱ የሚጠበው ዕቃው ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ሰው በየመጋዘኑና በየወደቡ ሲኖር፣ ጥያቄውንም የሚሰማ ሕግ ሲገኝ ነው። ነዳጁ ያልተከለከለበት ሕዝብ ልጆች ስለሆንን፣ ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመን መጠየቅ ይገባናል።