የሌዘር ማተሚያ ቀለም በቤት ውስጥ ስለ መሙላት

«ቀለሙ አልቋል» የሚለው ቃል በየመሥሪያ ቤቱ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህም በየመኖሪያ ቤቱ ዘወትር የሚሰማ ሆኗል። በተለምዶ ፕሪንተር የምንለው የሌዘር ማተሚያ መኪና ፊደሉን ማደብዘዝ ሲጀምር፣ የቤቱ ባለቤት ወይም የቢሮው ጸሐፊ ይህንኑ ቃል ተናግሮ ወደ ገበያ ይወጣል። ይሁን እንጂ አለቀ የተባለው ነገር ቀለም ሳይሆን ዱቄት ነው፤ ብዕርም ሆነ ብሩሽ አይነከርበትም። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን እንደሚያውቁት፣ ቀለም የሚለው ቃል በቋንቋችን ሰፊ ቦታ አለው፤ ትምህርት ቶሎ የሚይዘውን ልጅ እንኳ «ቀለም የገባው» እንለዋለን። ስለዚህ ሕዝቡ ለአዲሱ ዱቄት የቆየውን ስም ቢሰጠው አያስደንቅም። ዝምድናም አለበት፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ጥላሸትን መነሻ አድርገው ሲሆን፣ የማተሚያውም ዱቄት ጥቁረቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ከጥላሸት ወገን ከሆነ ካርቦን ነው። ቀሪው ክፍሉ ግን ፕላስቲክ ነው።

ይህን ዱቄት የሚይዘው ዕቃ ካርትሬጅ ይባላል። አዲስ መግዛት ለብዙ ቤተሰብ ከባድ ወጪ ስለ ሆነ፣ በከተሞቻችን «ቶነር እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች በርክተዋል፤ ዱቄቱን ገዝቶ በቤቱ የሚሞላውም ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ሥራ በቤት ሊሠራ ይገባዋልን? ለሚለው ጥያቄ እኛ የምንሰጠው መልስ አዎን የሚል ነው። ነገር ግን አብዛኛው ሰው መሙላት ማለት ዱቄት መጨመር ብቻ ይመስለዋል። መጨመሩ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ችግሩ ያለው በማውጣቱ ላይ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የካርትሬጁን አሠራር ማወቅ ያሻል። በውስጡ ድራም የሚባል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ጠባዩ የሚለወጥ ሽፋን ያለው ክብ ዘንግ አለ። ማተሚያው በመጀመሪያ ይህን ድራም የኤሌክትሪክ ኃይል ያለብሰዋል፤ ቀጥሎም የሌዘር ጨረር የሚጻፈውን ፊደል በብርሃን ይነድፍበታል። ዱቄቱ ብርሃን ባረፈበት ቦታ ብቻ ተጣብቆ ወደ ወረቀቱ ይተላለፋል፤ ወረቀቱም እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚሞቅ ክፍል ውስጥ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ቀልጦ ከወረቀቱ ጋር ይዋሐዳል። ሆኖም ድራሙ ላይ ያረፈው ዱቄት ሁሉ ወደ ወረቀቱ አይሄድም። ተርፎ የሚቀረውን አንድ ስስ ጠራጊ እየፋቀ ወደ ትራፊ ማጠራቀሚያ ይጥለዋል። ስለዚህ ካርትሬጁ ሁለት ጎተራ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው ይሞላል። ዱቄት እየጨመረ ትራፊውን የማያወጣ ሰው፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሙሌት ትራፊው ሞልቶ ሲፈስ ያገኘዋል፤ ወረቀቱ ይጠቁራል፣ የማተሚያውም ሆድ በዱቄት ይሞላል።

ዘዴው የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ነው። የፓተንት ሰነዶችን ማባዛት ያሰለቸው ቼስተር ካርልሰን የተባለ አሜሪካዊ በጥቅምት 22 ቀን፣ በኒው ዮርክ ከተማ አስቶሪያ በተባለ ሰፈር፣ ቀኑንና የሰፈሩን ስም በደረቅ ዱቄት በወረቀት ላይ አሳረፈ። ጋሪ ስታርክዌዘር በዜሮክስ ኩባንያ ውስጥ ሌዘርን ከዚህ ዘዴ ጋር ያገናኘውን ማተሚያ በ1971 ሠራ። ካኖን የተባለው የጃፓን ኩባንያ ደግሞ በ1982 ድራሙን፣ ዱቄቱንና ትራፊ ማጠራቀሚያውን በአንድ ሳጥን አጠቃሎ ማንም ሰው በእጁ ሊለውጠው የሚችል አደረገው፤ በ1984 የወጣው የሂውሌት ፓካርድ ሌዘርጄትም የተሠራው በካኖን መኪና ላይ ነበር። ይህ ፈጠራ ለተጠቃሚው ታላቅ ምቾት ቢሆንም፣ ዱቄቱ ባለቀ ቁጥር ገና ያላረጀ ድራም አብሮ እንዲጣል አድርጓል። የመሙላት ሙያ የተወለደውም ከዚሁ ነው።

ፋብሪካዎቹ ይህን ሙያ አልወደዱትም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2017 ሌክስማርክ በተባለው ኩባንያ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ አንድ ኩባንያ ካርትሬጁን ከሸጠ በኋላ የፓተንት መብቱን ይዞ ገዢው እንዳይሞላው ሊከለክል አይችልም ብሏል። አንዳንድ አዳዲስ ማተሚያዎች ግን በካርትሬጁ ላይ የተለጠፈውን ትንሽ ቺፕ እየመረመሩ የሌላ ፋብሪካ ቺፕ ያለበትን አይቀበሉም። እንግዲህ የራስን የመጀመሪያ ካርትሬጅ ከነቺፑ ጠብቆ መሙላት፣ ስሙ ያልታወቀ አዲስ ከመግዛት ብዙ ጊዜ የሚሻል መሆኑን ልብ ይሏል።

ለምሳሌ በሀገራችን ቢሮዎች በብዛት የሚታወቀውን የሌዘርጄት 1020 ካርትሬጅ እንውሰድ። መለያው 12ኤ ሲሆን ቺፕ የለውም። የሚይዘው ዱቄት 100 ግራም ያህል ነው፤ በዚህም፣ ገጹ 5 በመቶው ብቻ በጽሑፍ ይሸፈናል ተብሎ ሲታሰብ፣ 2,000 ገጽ ያትማል። ለአንድ ገጽ የሚደርሰው የግራም ሃያኛ ነው ማለት ነው። ጥቂት ዱቄት ፈሰሰ ብሎ የሚንቅ ሰው ይህን ሂሳብ ያስታውስ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት የብዙ ገጽ ፊደል ነው፣ ያን ሁሉ ጥቁረትም ምንጣፍ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል።

ዱቄት ሁሉ አንድ አይደለም። የ12ኤ ዱቄት የብረት ኦክሳይድ ስላለበት በማግኔት ይሳባል፤ ብራዘር የተባለው ፋብሪካ ማተሚያዎች የሚጠቀሙበት ግን አይሳብም። ስለዚህ ከገበያ የመጣውን ከረጢት ሳይከፍቱ ማግኔት ከውጭ ማስጠጋት ጥሩ ፈተና ነው። ማግኔት የሳበው ሁሉ ትክክለኛ ነው ማለት ግን አይደለም፤ የሚቀልጥበት ሙቀት ሊለያይ ይችላልና በከረጢቱ ላይ የማተሚያውን ስም ማንበብ ግድ ነው።

አንዳንድ ሰዎች በጋለ ብረት ጎተራውን በስተው ዱቄቱን ይጨምሩና ቀዳዳውን በፕላስተር ይለጥፉታል። ይህ ዘዴ ሥራውን በአምስት ደቂቃ ይጨርሳል፤ እኛ ግን አንደግፈውም። ትራፊውን ፈጽሞ አይነካውም፣ የቀለጠውም ፕላስቲክ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ ገብቶ ሮለሩን ይቧጥጣል። ትክክለኛው መንገድ ካርትሬጁን መክፈት ነው። ለዚህም ካቻቢቴና ቀጭን አፍ ያለው ፒንሳ ይበቃሉ። በግራና በቀኝ ሁለቱን ግማሾች የሚያያይዙትን ትንንሽ የብረት ዘንጎች ሲነቅሉ ካርትሬጁ ለሁለት ይከፈላል። ድራሙ ያለበትን ግማሽ በመጀመሪያ ይያዙ። ድራሙን በጫፎቹ ብቻ ጨብጦ ማውጣት፣ ወዲያውም በጥቁር ጨርቅ ጠቅልሎ ጨለማ ቦታ ማኖር ያስፈልጋል፤ ጣት ከነካው አሻራው በየገጹ ይታተማል፣ ፀሐይ ካገኘው ይበላሻል። ከዚያ የጠራጊውን ብሎኖች ፈትቶ ትራፊውን ቀስ ብሎ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት መገልበጥ ነው። ትራፊው ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ ደህና ዱቄት የሚመስላቸውና መልሰው የሚጨምሩት አሉ፤ የወረቀት ብናኝ የተቀላቀለበት ነውና ወደ ጎተራው መመለስ የለበትም። በሁለተኛው ግማሽ በአንዱ ጫፍ ያለው ክዳን ሲፈታ የጎተራው ውታፍ ይታያል። ወረቀት እንደ ጡሩምባ ጠቅልሎ አዲሱን ዱቄት በዝግታ መጨመር፣ ከ100 ግራምም አለማሳለፍ ይገባል። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ካርትሬጁን አግድም ይዞ አምስት ስድስት ጊዜ ማወዛወዝ ዱቄቱን እኩል ያዳርሰዋል።

የቤተሰብ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። የዱቄቱ ቅንጣት ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕ እጅ ከ5 እስከ 10 እጅ ያህል ነው፤ ጤፍ ተፈጭቶ የሚወጣው ዱቄት እንኳ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ሻካራ ነው። በአየር ላይ ቆይቶ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ጥቁሩን ካርቦን በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚጠረጠሩት ነገሮች ጋር መድቦታል። በዱቄቱ ውስጥ ያለው ካርቦን በፕላስቲክ የተያዘ ቢሆንም፣ ሕፃናት፣ እርጉዝ ሴትና አስም ያለበት ሰው ባሉበት ክፍል ሥራው ፈጽሞ መሠራት የለበትም። ወጥ ቤትም ቦታው አይደለም። እንደ ማናቸውም ደቃቅ ዱቄት በአየር ላይ ሲበተን እሳት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከከሰል ምድጃና መብራት ሲጠፋ ከሚለኮስ ሻማ መራቅ አለበት። ነፋስ የማይበዛበት በረንዳ፣ ጋዜጣ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ ጓንትና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ከተገኙ ይበቃል።

ዱቄቱ ልብስ ላይ ቢፈስስ፣ እመቤቶቻችን እንደ ልማዳቸው ሙቅ ውሃ እንዳያፈሱበት አደራ እንላለን። ሙቀት ፕላስቲኩን አለስልሶ ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል። ከቤት ውጭ አራግፎ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ማጠብ ነው። ተራው የአቧራ መሳቢያ መኪናም አይጠቅምም፤ ማጣሪያው ቅንጣቱን አሳልፎ ወደ ክፍሉ ይበትነዋል፣ ከሞተሩ የሚወጣ ብልጭታም አደጋ አለው። ትራፊው የታሰረበት ከረጢት ከግቢ ቆሻሻ ጋር አይቃጠልም።

ድራሙ ለዘለዓለም አይኖርም። ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሙሌት በኋላ ያረጃል። በገጹ ላይ አንድ ዓይነት ነጥብ ወይም ጭረት እየተደጋገመ ሲታይ ማስመሪያ አንሥቶ መለካት ይጠቅማል፤ በ12ኤ ካርትሬጅ በየ7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሚደጋገም ከሆነ ጥፋቱ የድራሙ ነው፣ የዱቄቱ አይደለም። ድራሙ ለብቻው ስለሚሸጥ መለወጥ ይቻላል።

ለሹማምንት አንባቢዎቻችን ደግሞ አንድ ነገር ማከል እንወዳለን። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የፍርድ ግልባጭ ለብዙ ዓመታት በሰው ሣጥን የሚቀመጥ ነው። ዱቄቱ ለማተሚያው ሙቀት የማይስማማ ከሆነ፣ ፊደሉ በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ እንጂ ቀልጦ ስላልተዋሐደ፣ ሰነዱ በታጠፈበት መስመር ላይ ይረግፋል፤ ባለጉዳዩም ከዓመታት በኋላ ስሙ የተሰነጠቀበትን ወረቀት ይዞ ሊቀርብ ነው። ስለዚህ ካርትሬጅ በተሞላ ቁጥር ከመጀመሪያዎቹ ገጾች አንዱን ወስዶ፣ ጥቁሩ በበዛበት ላይ አጥፎ በአውራ ጣት አጥብቆ ማሸት ይገባል። ጣቱ ከጠቆረ ወይም በእጥፋቱ ላይ ነጭ መስመር ከታየ፣ ያ ካርትሬጅ ለልጆች መልመጃና ለቤት ማስታወሻ ይዋል፤ ማኅተም ለሚያርፍበት ወረቀት ሌላ ይቀርብ።