ሰበብና ጤና

በመምህርነት በቈየሁባቸው ከሃያ በሚበልጡ ዓመታት ውስጥ ከተማሪዎቼ የሰማኋቸውን ሰበቦች ሁሉ ጽፌ አኑሬ ቢሆን ኖሮ አንድ ዳጐስ ያለ መጽሐፍ በወጣኝ ነበር። አንዱ ደብተሩን ጠቦት እንደ በላበት ይናገራል፤ ሁለተኛው መብራት ጠፍቶበት እንዳመሸ ያመለክታል፤ ሦስተኛውም የአንዲት አክስቱን ሞት በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያረዳኛል። እኔም ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጥሁ በኋላ የምመልስላቸው ቃል ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ይኸውም «ልጄ፣ ሰበብህን ሰምቻለሁ፤ ሒሳቡ ግን አሁንም አልተሠራም» የሚል ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ይህ ቃል ወደ እኔው ተመለሰ። ለሌላ ጉዳይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሳለ፣ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረች አንዲት ነርስ ክንዴን በመለኪያው ጠቅልላ የደም ግፊቴን ለካች፤ ላይኛው 158፣ ታችኛው 98 ሆኖ ተገኘ። ጥቂት አሳርፋ ደግማ ብትለካም ብዙ አልተለወጠም። በሌላ ቀን ተመልሼ እንድለካ ካዘዘች በኋላ ስለ ጨው፣ ስለ እግር ጕዞ፣ ስለ ምግቤም ጠየቀችኝ። እኔም መልሱን ደረደርሁት። ለመራመድ ጊዜ የለኝም፤ የፈተና ወረቀት እርማት ተከምሮብኛል፤ ጨው የምትጨምረው ባለቤቴ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ደግሞም አሁን የበዓል ሰሞን ነውና ከበዓሉ በኋላ አስብበታለሁ አልኋት። ልጅቱም በትሕትና አዳምጣኝ ስታበቃ ፈገግ ብላ፣ «መምህር፣ ሰበብዎን ሰምቻለሁ፤ ሒሳቡ ግን አሁንም አልተሠራም» አለችኝ።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ቀን ነው።

ሰበብ ከሰው ልጅ ጋራ አብሮ የኖረ ነገር ነው። አባታችን አዳም በገነት በተጠየቀ ጊዜ በሔዋን እንዳሳበበ፣ ሔዋንም በእባብ እንዳሳበበች ሁላችን እናውቃለን። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስመለስ ስለ ጨው የተናገርሁትን አስታውሼ የአዳም ልጅ መሆኔን ያለ ጥርጥር ዐወቅሁ። በሉቃስ ወንጌል በ14ኛው ምዕራፍ ወደ ታላቁ እራት የተጠሩትም ሰዎች አንዱ እርሻውን፣ ሌላው አምስት ጥማድ በሬውን፣ ሦስተኛውም ሙሽራይቱን ምክንያት አድርገው ቀርተዋል። ነገር ግን ልብ እንበል! እርሻ መግዛትም፣ በሬ መፈተንም፣ ሚስት ማግባትም በደል አይደለም። የሰበብ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍጹም ውሸት ሆኖ ሳይሆን እውነትን ለብሶ ይመጣል። የእርማቱ ወረቀት በእውነት ተከምሮብኝ ነበር፤ በዓሉም በእውነት ደርሶ ነበር። ደም ግን ይህን ሁሉ አይሰማም።

ስለዚህ በየቤታችን ዘወትር የምንሰማቸውን አምስት ሰበቦች አንድ በአንድ ብንመረምራቸው ይጠቅመናል።

አንደኛው «አላመመኝምና ምን አስቸኰለኝ» የሚለው ነው። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው እላለሁ። በልጅነቴ ዜማ ያስተማሩኝ መሪጌታ አጎቴ የደም ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው ክኒን ታዝዞላቸው ነበር። ሦስት ወር ያህል ከዋጡ በኋላ፣ ራሴን አያመኝም፣ ደኅና ነኝ ብለው ተዉት። ቤተ ዘመድ ሲጠይቃቸው ከፍልሰታ በኋላ እጀምራለሁ አሉ፤ ፍልሰታ ሲያልፍ ከመስቀል በኋላ አሉ። በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ ለኪዳን ሊነሡ ሲሉ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አንደበታቸውም ተሳሰረ። በእግዚአብሔር ቸርነት ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ንግግራቸውም ቀስ በቀስ ተመልሷል። ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ጸናጽል መያዝ አልቻለም።

የደም ግፊት ከፍ ማለት በአብዛኛው ሰው ላይ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለብዙ ዓመታት ይቈያል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ግን የአንጎልን፣ የልብን፣ የኵላሊትንና የዓይንን የደም ሥሮች ይጐዳል። በተለያዩ ቀኖች ሲለካ ላይኛው 140 ወይም ታችኛው 90፣ ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ሰውየው ምንም ባያመው እንኳ ሕመሙ አለበት። ግፊቱን ለማወቅ የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው፤ መለካቱም ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው ደኅንነት ስለ ተሰማው ሐኪሙን ሳያማክር ማቋረጥ አይገባውም፤ ደኅና ያደረገው ያው መድኃኒት ሊሆን ይችላልና። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ይመስላል።

ሁለተኛው «ጊዜ የለኝም» የሚለው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ሰውነትን ሞቅ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ነው። ይህም በሳምንት ለአምስት ቀን በየቀኑ 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ሠላሳውም ደቂቃ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ጧት 10፣ ቀትር 10፣ ማታ 10 ደቂቃ ቢሆን ይደመራል። ከታክሲ ወይም ከአውቶቡስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር መሄድ፣ ልጆችን ይዞ ማታ በሰፈር ዞር ዞር ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብም ልዩ ልብስም አይጠይቁም። እኔ ራሴ ጊዜ የለኝም እያልሁ በየምሽቱ ስልኬን እየነካካሁ አንድ ሰዓት እንደማሳልፍ ያስታወሰችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት።

ሦስተኛው «ገንዘብ የለኝም» የሚለው ነው። የኑሮ ውድነት እውነት መሆኑን የመምህር ደመወዝ የሚበላ ሰው አይክድም። ነገር ግን ጓዳችንን በሚገባ ብንመረምር ለጤና የሚበጁት ነገሮች ሁልጊዜ ውዶቹ አይደሉም። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ በሶ፣ የጤፍ እንጀራ ከማናቸውም የታሸገ ምግብ ይበልጣሉ። በአንጻሩ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል፣ ይኸውም 7 ወይም 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር ይይዛል። ለልጅ ፍቅራችንን የምንገልጸው በጠርሙስ ከሆነ ገንዘብ የጎደለን አይመስለኝም። ዘይቱንም እንመልከት። በብርድ ጊዜ በዕቃው ውስጥ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ሥርን በሚያጠብ የስብ ዓይነት የተሞላ ነው። በዋጋው ምክንያት ሌላ ለመግዛት ባንችል እንኳ በወጥ ውስጥ የምንጨምረውን መጠን ለመቀነስ ዋጋ አይጠየቅም፤ እንዲያውም ገንዘብ ይተርፋል።

አራተኛው «ጾም ነው» ወይም «ፍስክ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ላይ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን ቤተሰቦች ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ነቢዩ ዳንኤልና ባልንጀሮቹም 10 ቀን ጥራጥሬና ውሃ ብቻ ተመግበው ፊታቸው አምሮ እንደ ተገኘ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተምረናል። እንግዲህ የጾም ማዕድ በራሱ ለሥጋም የሚበጅ ነው። እኛ ግን ሥጋውን በሳምቡሳና በዘይት በተጠበሰ ድንች፣ ቅቤውንም በብዙ ስኳር እንተካውና ጾምን ከማዕድ ለውጥ አናሳልፈውም። ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የሁለት ወሩን በአንድ ሌሊት ለማካካስ እንነሣለን። ከረጅም ጾም በኋላ ሆድን በጥቂት በጥቂቱ ማለማመድ ይገባል፤ ጥሬ ሥጋም የኮሶ ትል እንደሚያመጣ መርሳት አይገባም።

የታመመ፣ በተለይም የስኳር ሕመም ያለበትና መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ስለ ጾማቸው የነፍስ አባታቸውንም ሐኪማቸውንም ያማክሩ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛውን በርኅራኄ ታየዋለች እንጂ በላዩ ላይ ሸክም አትጨምርበትም። ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም እንደ ነበረ እናውቃለንና በጠበልና በክኒን መካከል ጠብ የለም።

አምስተኛው «ወግ ነው፤ ይሉኝታ ያዘኝ» የሚለው ነው። በማኅበር፣ በሠርግ፣ በክርስትና ቤት «በሞቴ» ተብሎ የቀረበን ጕርሻ እንቢ ማለት ከባድ ነው። ነገር ግን «በሞቴ» ያለን ወዳጅ ሞታችንን አይሻም። በሐኪም የተከለከለ መሆኑን በትሕትና ለሚነግረው እንግዳ የሚቀየም ባለቤት አላየሁም። ለጋባዦችም አንድ ቃል አለኝ፤ እንግዳን ማክበር ሳሕኑን መሙላት ብቻ አይደለም። አንድ ጊዜ አልፈልግም ያለውን ሰው ሦስት ጊዜ አናስጨንቀው፤ ከጠላውና ከጠጁ አጠገብም ንጹሕ ውሃ ይቀመጥ።

ከነዚህ ሁሉ በኋላ አንባቢው «እንግዲያስ በምን ልጀምር?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ካየሁት፣ ሁሉን በአንድ ቀን ለመለወጥ የሚነሣ ሰው በሳምንቱ ሁሉን ይተዋል፤ ይህም አለመሳካቱ ራሱ አዲስ ሰበብ ይሆነዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደ ተባለው በአንድ ነገር መጀመር ይሻላል፤ ያንንም አንድ ነገር ከለመድነው ሌላ ሥራ ጋራ ማሰር መልካም ነው።

በቤታችን የጀመርነው በጨው ነው። ለአንድ አዋቂ የሚመከረው ጨው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፣ ይኸውም ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው፤ ለልጆች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይሁን። ባለቤቴ በዚህ ልክ የቀኑን ጨው ጧት በትንሽ ዕቃ ትሰፍረዋለች፤ ከዚያ በላይ አይጨመርም። በመጀመሪያው ሳምንት ግን አንድ ነገር አስተዋለች። በርበሬውና ሽሮው ሲሰናዱ ጨው ገብቶባቸው ኖሮ፣ በወጡ ላይ የምንጨምረው በዚያ ላይ ተደራቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ይፈጫሉ። ለሁለት ሳምንት ያህል ወጡ አልጣፍጥ ብሎን ነበር፤ ኋላ ግን ምላሳችን ለመደው። አሁን በሰው ቤት ስንበላ ጨው በዛብን የምንል እኛ ሆነናል።

ሁለተኛው ሥራችን የቡናው ስኳር ሆነ፤ ከሁለት ማንኪያ ወደ አንድ፣ ከአንድም ወደ ግማሽ ወረደ። ቡናውንና ሻዩንም ከምግብ ጋራ አንጠጣም፤ አንድ ሰዓት ያህል እናቈያቸዋለን፤ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም በሚገባ እንዳይገባ ያግዳሉና። ሦስተኛው የእግር ጕዞ ነው፤ እርሱን ከጸሎት በኋላ ጧት ጧት አደረግሁት።

ሁኔታው አልተመቸኝም ለሚል ሰው አበበ ቢቂላን ማስታወስ ይበቃል። በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቍጣጣሽ ዋዜማ፣ በሮማ ከተማ የማራቶኑን 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ፣ ጫማ አልተመቸኝም ብሎ መቅረት ይችል ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀኝ ኋለኛው ነገር ነው። በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሁለት እግሮቹ ከማይታዘዙበት ደረጃ ከደረሰ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። በእግሩ ያጣውን በእጁ ፈለገ። ሁላችን አበበን እንሁን ማለቴ አይደለም። የቀረልንን እንጠቀምበት ማለቴ ነው። «ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይባላልና።

እውነቱን ለመናገር እኔም ፈጽሜ አልዳንሁም። ክኒን እየዋጥሁ ነው፤ በዝናብ ቀን ጕዞውን የተውሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ ባለፈው ፋሲካም ከልክ አልፌ በልቻለሁ። ነገር ግን በማግሥቱ ተመልሼ ጀመርሁ። ባለፈው ወር ያቺው ነርስ ስትለካኝ ላይኛው 132፣ ታችኛው 84 ሆኖ ተገኘ። «አሁን ሒሳቡ ተሠርቷል፤ ነገ ግን ሌላ የቤት ሥራ አለ» አለችኝ።

በዘመን መለወጫ ዕለት ወደ አጎቴ ደብር ሄጄ ነበር። ማኅሌቱ ሲቆም አጎቴም ከመዘምራኑ ጋራ ቆሙ፤ ልጃቸው በቀኝ በኩል ደግፏቸዋል፤ በግራ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘዋል። ድምፃቸው ደክሟል እንጂ ዜማው አልጠፋባቸውም። ከቅዳሴ በኋላ እጃቸውን ስሳለም በግራ እጃቸው ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ ክኒንህን ዛሬ ውጠሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ውጫለሁ አልኋቸው። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እኔ ከመስቀል በኋላ ብዬ ነበር» አሉና ዝም አሉ።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተስ ከምን በኋላ ብላችኋል?