ትኬቱ ላይ ያለው ሰባት ሰዓት የኛ ሰባት ሰዓት አይደለም



ፈተና አልቆ ወደየቤተሰባችን የምንበታተንበት ጊዜ ደርሷል። አብዛኞቻችን በመኪና እንሄዳለን፤ አንዳንዶቻችን ግን ከሰመራ ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ ኤርፖርት ወደ አዲስ አበባ እንበራለን፤ ከዚያ አልፎ ለዑምራ ወደ ጅዳ የሚሻገርም አይጠፋም።

ባለፈው ዓመት ከሚሌ የተነሳ አንድ ወንድማችን በረራው አመለጠው። ትኬቱ ላይ 7:20 ይላል። እሱ የቀኑ 7:20 መስሎት ረፋዱ ላይ ተረጋግቶ ከቤቱ ወጣ። በረራው ግን ከጠዋቱ 1:20 ላይ ነበር። የትኬት ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። ስለዚህ ስድስት እንቀንሳለን፤ 13:20 ማለት የቀኑ 7:20 ነው። ቁጥሩ ከስድስት ካነሰ እንጨምራለን፤ 02:30 ማለት ከሌሊቱ 8:30 ነው።

ከሰዓቱ ይልቅ ቀኑ ብዙ ሰው ያሳስታል። መድረሳ ውስጥ ሌሊት የሚከተለው ቀን እንደሆነ ተምረናል፤ የጁሙዓ ሌሊት የሚባለው ሐሙስ መግሪብ ላይ ይገባል። ትኬት ላይ "ዓርብ 02:30" ከተጻፈ ይኸው ሌሊት ነው፤ ሐሙስ ማታ ኤርፖርት መገኘት አለብን። "ሐሙስ 23:30" ከሆነ ግን፣ በመድረሳው አቆጣጠር ጁሙዓ ቢገባም ለትኬቱ ገና ሐሙስ ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንርሳ።

ሌላው ስም ነው፤ ይህ በተለይ የኛ ጣጣ ነው። መሐመድ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በኦ ነው በዩ? በአንድ ኤም ነው በሁለት? አብዱልቃድር አንድ ላይ ነው ተነጣጥሎ? አጎት ከሩቅ ሆኖ ትኬት ሲቆርጥልን በመሰለው ይጽፈዋል። ፓስፖርቱን ወይም መታወቂያውን ፎቶ አንስተን እንላክለት፤ ፊደል በፊደል ይገልብጥ። ስህተት ካለ ከጉዞው ቀን በፊት ማስተካከል ይሻላል።

ከሚሌ የሚነሳ ሰው መንገዱንም ያስብ። የጂቡቲ ከባድ መኪኖች የሚመላለሱበት፣ የጉምሩክ ኬላ ያለበት መስመር ነው፤ ሚኒባሱም ሲሞላ እንጂ በሰዓቱ አይነሳም። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት፣ ለውጭ ሦስት ሰዓት ቀድሞ መድረስ ጥሩ ነው።

ሻንጣ ላይ ብዙ አንልም። ጊሌ ወገብ ላይ ታጥቆ ፍተሻ ማለፍ አይቻልም፤ ቤት ይቀመጥ። ወደ ውጭ ስንበር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አይያዝም፤ እናት የቋጠረችው ቅቤና የግመል ወተትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። ተምር ችግር የለበትም። ፓወር ባንክ በተቃራኒው በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም፤ ከገባ ባለቤቱ ተጠርቶ ሻንጣው ይከፈታል። ገደቡ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 20,000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ይሆናል፣ ያልፋል። 30,000 የሚለው ግን 111 ስለሚመጣ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። (የኢንጂነሪንግ ትምህርት ለዚህም ይጠቅማል!)

ዉዱእ ከቤት አድርገን እንውጣ፤ ለመንገደኛ ዙህርና ዐስርን ማሰባሰብ ስለተፈቀደ ሰላት ለወረፋ መዘግየት ምክንያት አይሆንም። ኒቃብ የሚለብሱ እህቶቻችን ፊታቸውን ለሴት ሠራተኛ ማሳየት እንደሚፈልጉ ገና ወረፋው ሳይደርሳቸው በእርጋታ ይንገሩ፤ ሴት ፈታሽ እስክትጠራ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል።