ረቡዕ ማታ በታኮማ ፓርክ ምክር ቤት

የሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። የሐበሻ ምግብ ቤቱ፣ የእንጀራና የበርበሬ መደብሩ በየመንገዱ የተደረደረባት ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ፊት ከተማ አይደለችም፤ የሚያስተዳድራት በቀጥታ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። አጠገቧ ያለችው ታኮማ ፓርክ ግን፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ወሰን ጋር ተጣብቃ፣ በአምስት ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት ላይ 17,600 ያህል ሰው ይዛ፣ ከ1890 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ራሷን የምታስተዳድር ከተማ ናት። የራሷ ፖሊስ አላት፤ የራሷ ቤተ መጻሕፍት አላት፤ ቆሻሻውን በየቤቱ እየዞሩ የሚያነሡትም የከተማዋ ሠራተኞች ናቸው። ትምህርት ቤቱና እሳት አደጋው ግን የካውንቲው ነው።

ምክር ቤቷ ሰባት ሰው ነው፤ መላው ከተማ የሚመርጠው ከንቲባና ከስድስቱ ዋርዶች (የምርጫ ክልሎች) አንድ አንድ ተወካይ። የሥራ ዘመናቸው ሁለት ዓመት ነው። ከንቲባ ሲባል አገር ቤት እንደለመድነው መሥሪያ ቤቶቹን ሁሉ የሚያዝ ሹም አይምሰላችሁ። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማው ሥራ አስኪያጅ ነው። ከንቲባው ጉባዔውን ይመራል፤ ድምፅ ሲሰጥም እንደ ሌላው አባል አንድ ድምፅ አለው። የምክር ቤት አባልነት ሙሉ ሥራ ስላልሆነ ስብሰባው የሚደረገው ማታ ነው፤ በተለምዶ ረቡዕ፣ በሜፕል ጎዳና ባለው የማኅበረሰብ ማዕከል አዳራሽ።

እድር የለመደ ሰው በዚያ አዳራሽ እንግድነት አይሰማውም። አጀንዳ አለ፣ ቃለ ጉባዔ አለ፣ ተራ ጠብቆ መናገር አለ። ከስብሰባው መጀመሪያ አካባቢ ለነዋሪው ጊዜ ይሰጠዋል። የፈለገ ሰው ይነሣል፣ ስሙን ይናገራል፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሐሳቡን ይጨርሳል። መኪና በፍጥነት ስለሚያልፍበት መንገድ፣ ስለተሰበረ የእግረኛ መሄጃ፣ ስለ ጎረቤት ግንባታ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ምክር ቤቱ ወደ አጀንዳው ይገባል። አብዛኛው ነገር ከውጭ ለሚያየው አሰልቺ ነው፤ የመንገድ ጥገና ውል፣ የተሽከርካሪ ግዥ፣ የኮሚቴ አባላት ሹመት። በሚያዝያና በግንቦት ግን ክርክሩ ይሞቃል። ሥራ አስኪያጁ የቀጣዩን ዓመት በጀት የሚያቀርበው፣ ምክር ቤቱም የሚያጸድቀው ያን ጊዜ ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ጁላይ 1 ነውና። ዋናው ገቢ ከቤትና ከንብረት የሚሰበሰበው ግብር ስለሆነ፣ የቤት ባለቤቱ እያንዳንዷን መሥመር ይመረምራል።

ከዚህ ሁሉ አሠራር እኔ በጣም የምወደው የደንብ አወጣጡን ነው። አንድ ደንብ በአንድ ማታ ተነሥቶ በአንድ ማታ አይጸድቅም፤ ሁለት ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ ቀርቦ ድምፅ ይሰጥበታል፣ ከዚያ በሌላ ስብሰባ ተመልሶ ይመጣል። በሁለቱ ንባቦች መካከል ያለው ጊዜ የነዋሪው ነው። ለተወካዩ ስልክ ይደውልለታል፣ ደብዳቤ ይጽፍለታል፣ ጎረቤቱን አስከትሎ አዳራሹ ይመጣል። በሰባት ሰው ምክር ቤት ደግሞ አንድ ድምፅ ማስቀየር የማይሞከር ነገር አይደለም።

የሚወሰነውም ነገር ቤታችን ድረስ የሚገባ ነው። ታኮማ ፓርክ ውስጥ የግንዱ ውፍረት አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ገደማ የደረሰን ዛፍ በገዛ ግቢ ውስጥም ቢሆን ያለ ፈቃድ መቁረጥ አይቻልም። ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚቀርበው የቤት ኪራይ ነው። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የኪራይ ጭማሪን በደንብ ገድባለች፤ በሕጉ ውስጥ ከተለዩት ቤቶች በቀር፣ አከራዩ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ መጨመር አይችልም፣ የጭማሪውም ጣሪያ ከኑሮ ውድነቱ መለኪያ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ገደብ ያቆመውም፣ ሊያጠብቀው ወይም ሊያላላው የሚችለውም ያ ሰባት ሰው የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ነው።

እነዚህን ሰባት ሰዎች ለመምረጥ ታዲያ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1991 ነዋሪው በጉዳዩ ላይ ድምፅ ሲሰጥ 1,199 ሰው ደገፈ፣ 1,107 ሰው ተቃወመ፤ በዘጠና ሁለት ድምፅ አለፈ። በማግሥቱ ዓመት የከተማዋ ቻርተር ተሻሻለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ታኮማ ፓርክ የመምረጫ ዕድሜን ወደ አሥራ ስድስት ያወረደች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ሆነች። ስለዚህ ግሪን ካርድ የያዘች እናትም፣ ጥገኝነት ጠይቆ የሚጠባበቅ አባትም፣ ሁለተኛ ደረጃ የሚማረው ልጃቸውም የከተማውን ከንቲባ መምረጥ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ሳልናገረው ባልፍ ወገንን መበደል ይሆንብኛል። ይህ መብት ለከተማው ምርጫ ብቻ ነው። ለካውንቲ፣ ለሜሪላንድና ለፌዴራል ምርጫ ዜግነት ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ለመራጭነት እንመዝግብዎ ወይ ተብሎ የሚቀርበው ጥያቄ ለዜጎች ነው፤ ሳያነቡ ዜጋ ነኝ ብሎ መፈረም ግሪን ካርድ ሊያሳጣ፣ ከአገር ሊያስባርርም ይችላል። ዜጋ ያልሆነ ሰው የሚመዘገበው በታኮማ ፓርክ የከተማው ጸሐፊ ቢሮ ነው፤ ከተማዋ የራሷ የመራጮች መዝገብና የራሷ የድምፅ ወረቀት አላት። የፖስታ አድራሻው ታኮማ ፓርክ የሚል ቤት ሁሉ ደግሞ በከተማዋ ወሰን ውስጥ አይደለም፤ እሱንም ጸሐፊዋን መጠየቅ ይበጃል።

በዚያው በሜፕል ጎዳና ላይ ብዙ የሐበሻ ቤተሰብ የሚኖርባቸው ከፍ ከፍ ያሉ የኪራይ ሕንፃዎች አሉ። ከእነሱ እስከ ምክር ቤቱ አዳራሽ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው።