ቤቱን ስንገዛ ምድር ቤቱን ማን አየው?

ቤት ልንገዛ ስንሄድ ሁላችንም አስቀድመን የምንጠይቀው ስንት ክፍል አለው፣ ትምህርት ቤትና ምኩራብ ቅርብ ነው ወይ፣ ማሽካንታው በወር ስንት ይደርሳል የሚለውን ነው። ወደ ምድር ቤቱ፣ በዕብራይስጥ ማርቴፍ ወደሚባለው፣ ወርዶ ግድግዳውን በእጁ የሚዳስስ ጥቂት ነው። ውድ ወላጆች፣ የ20 እና የ25 ዓመት ዕዳ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ግን ከሳሎኑ ይልቅ መታየት ያለበት እሱ ነው።

በኢትዮጵያ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ስለሆኑ የሚያፈስ ቤት ራሱን መደበቅ አይችልም። እዚህ አገር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በእነዚያ ወራት ጠብ አይልም ማለት ይቻላል። አዲስ ቀለም የተቀባው ምድር ቤት ደርቆና አምሮ ይጠብቀናል። ውሃው የሚመጣው ከበዓላት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የውሉ ፊርማ ከደረቀ ቆይቷል።

ስለዚህ ከተቻለ ቤቱን በዝናብ ማግስት እዩት። በበጋ ከሆነ ደግሞ በሩ ተዘግቶ እንዲቆይ ጠይቁና ስትገቡ መጀመሪያ አሽትቱ። የሻጋታ ሽታ ቶሎ አይለቅም። ሌላው ቤት አሮጌ ቀለም ሆኖ ምድር ቤቱ ብቻ አዲስ ከተቀባ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። በግድግዳው ግርጌ ጨው የተነሰነሰበት የሚመስል ነጭ ዱቄት ካያችሁ፣ ውሃ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲደርቅ የተወው ነው። ልስኑ አብጦ እንደሆነ በጣታችሁ አንኳኩ። ግድግዳ ላይ የተጠጋ ቁም ሣጥን ካለ እንዲነሣ ጠይቁ። የሰው ዕቃ አንሱልን ማለት እንደሚከብደን እናውቃለን፤ ግን ይህ የይሉኝታ ቦታ አይደለም። ሻጋታ አስም ያለበትን ልጅ ያሳምማል።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ዋጋውን ይወስናል። ቧንቧ ከሆነ የሚያፈሰው፣ የቤቱን ቧንቧዎች ሁሉ ዘግታችሁ የውሃ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከዞረ አንድ ቦታ ይፈስሳል ማለት ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የሚጠገን ነው። ከአፈሩ በግድግዳ በኩል የሚገባ ከሆነ ግን ከውጭ ቆፍሮ እንደገና ማሸግ ሊጠይቅ ይችላል፣ ያም ብዙ ገንዘብ ነው። ባንኩ የሚልከው ሻማይ የቤቱን ዋጋ ለባንኩ ይገምታል እንጂ ርጥበት ለእናንተ አይመረምርም። ለዚያ በዴክ ባይት የሚሠራ መሐንዲስ ራሳችሁ ቅጠሩ፤ በእኛ አስተያየት ከሁሉም ወጪዎች የማይቆጭ ይህ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በደላላው ቢሮ ዚክሮን ድቫሪም ፈርሙ ቢሏችሁ አትፈርሙ፤ አጭር ብትሆንም እንደ ውል ልታስገድድ ትችላለች። በዋናው ውል ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ "ገዢው ቤቱን አይቶ መርምሮ ተስማምቷል" የሚል አንቀጽ አለ። የ1968 የሽያጭ ሕግ እንደሚለው ሻጩ ያወቀውን ወይም ማወቅ የነበረበትን ጉድለት ከደበቀ እንዲህ ያለው አንቀጽ አያድነውም። ግን ማወቁን ማስረዳት የገዢው ሥራ ነው። ስለዚህ ጠበቃችሁ፣ የሻጩ ሳይሆን የራሳችሁ፣ "ወደ ምድር ቤቱ ውሃ ገብቶ እንደማያውቅ ሻጩ አረጋግጧል" የሚል ዓረፍተ ነገር ያስገባ። ውሉን የ14 ዓመት ልጅ እንዲያስተረጉምላችሁ አትተዉት።

አዲስ ቤት ከቀብላን የገዛ ሰው የተሻለ ጥበቃ አለው። በሕጉ የማሸጊያ ጉድለት የምርመራ ጊዜ፣ ምድር ቤትን ጨምሮ፣ 4 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ 3 ዓመት የዋስትና ጊዜ ይከተላል።

ከገባችሁ በኋላ ርጥበት ከወጣ ቀለም አትቀቡበት። ቀኑ የሚታይበት ፎቶ አንሡና ሳትዘገዩ ለሻጩ ወይም ለቀብላኑ በዶአር ራሹም ደብዳቤ ላኩ፤ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም ከውሉ ጋር አስቀምጡ።