የናፍታ ሞተር ኢንጀክተር መፈተሻና ማጽጃ መሣሪያ፦ በማኅበር ደረጃ የሚሠራበት መንገድና አጠቃቀሙ

መግቢያ

በዝዋይ ሐይቅ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለሙ ብዙ ገበሬዎች ውኃ የሚስቡት በናፍታ በሚሠራ ፓምፕ ነው። በአርሲና በባሌ ደግሞ ሰፊ የስንዴ ማሳ በትራክተር ይታረሳል፣ በኮምባይነር ይታጨዳል። በእነዚህ ቦታዎች ሞተር ሲቆም እርሻም ይቆማል። የሽንኩርት ሥር አብዛኛው የሚገኘው ከ30 ሳንቲ ሜትር በማይበልጠው የላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆነ፣ ኮረቱ በሚሞላበት ወቅት ውኃ ለጥቂት ቀናት ቢቋረጥ እንኳ ምርቱ ይቀንሳል።

ሞተር ኃይል የሚያጣው ሁልጊዜ በትልቅ ስብራት አይደለም። በኢንጀክተሩ ጫፍ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ብቻ ከሆነ በማጠብ ይድናል፤ ኖዝሉ ካለቀ ግን ማጠብ አያድነውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማኅበራት ሁለቱን ለይተው የሚያውቁበትን ቀላል መሣሪያ አሠራር ማስረዳት ነው።

1. የኢንጀክተር ሥራ

ኢንጀክተር ናፍታን እንደ ጉም አድርጎ ወደ ሲሊንደር ይረጫል። በኖዝሉ ውስጥ ያለችው መርፌ በስፕሪንግ ተጭና ቀዳዳውን ትዘጋለች። ከፖምፓው የሚመጣው ግፊት ከስፕሪንጉ ሲበልጥ መርፌዋ ተነሥታ ናፍታው ይረጫል። ይህ የመክፈቻ ግፊት ይባላል። በብዙዎቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ከ120 እስከ 200 ባር ይደርሳል፤ በቤላሩስ ኤምቴዜ-80 ትራክተር ዲ-240 ሞተር 175 ባር ያህል ነው። ትክክለኛው ቁጥር ምንጊዜም ከሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ይወሰዳል።

በመርፌዋና በቤቷ መካከል ያለው ክፍተት የአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይን የማያየው አቧራ እንኳ መርፌዋን ሊይዛት ወይም ሊፍቃት ይችላል።

2. ለመሣሪያው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሀ. ከተጣለ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር የተፈታ፣ ፕላንጀሩ ያላለቀ የናፍታ ፖምፓ፤
ለ. የሞተር ከፍተኛ ግፊት ቱቦ ከነዳዶው፤
ሐ. እስከ 400 ባር የሚያሳይ የግፊት መለኪያና ይህን ግፊት እንዲችል የተሠራ ባለ ሦስት አፍ መገጣጠሚያ፤
መ. 2 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ ጣሳ ከነባልቦላውና አዲስ የናፍታ ፊልትሮ፤
ሠ. 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረትና 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የእጅ ዘንግ፤
ረ. የሚረጨውን ናፍታ የሚቀበል ብርሃን የሚያስተላልፍ የፕላስቲክ ዕቃ።

ከመለኪያው በስተቀር አብዛኛው ከአሮጌ ሞተር ይገኛል። የውኃ ቧንቧ መገጣጠሚያ፣ የጎማ ቱቦ ወይም ተበይዶ የተጠገነ ቱቦ በከፍተኛ ግፊት በኩል ፈጽሞ አይገባም።

3. አሠራሩ

ፖምፓው በብረቱ ላይ በራሱ ቡሎኖች ይታሰራል። የእጅ ዘንጉ ከሥሩ ይገጠማል፤ የፖምፓውን መግፊያ ወደ ጎን ሳያጋድል ቀጥ አድርጎ መግፋት አለበት። ከመዞሪያው እስከ መግፊያው 5 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ እጅ መያዣው 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የእጅ ኃይል 10 እጥፍ ይሆናል። ዘንጉ በሞተሩ ላይ ካሙ ከሚገፋው ርቀት በላይ እንዳይገፋ ማቆሚያ ቡሎን ይደረግለታል። የፖምፓው የናፍታ መጠን መቆጣጠሪያ ሙሉ መስጫ ላይ ይታሰራል።

ጣሳው ከፖምፓው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ናፍታው በፊልትሮው አልፎ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከፖምፓው መውጫ ላይ ባለ ሦስት አፉ መገጣጠሚያ ይታሰርና አንዱ አፍ ለመለኪያው፣ ሌላው ለኢንጀክተሩ ቱቦ ይሆናል።

4. ከመጀመር በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ከኢንጀክተር የሚወጣ ናፍታ ቆዳን በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ቁስሉ በመጀመሪያ የመርፌ ጫፍ ያህል ስለሆነና ብዙም ስለማያም ሰው ይንቀዋል። ከሰዓታት በኋላ ግን እጁ ያብጣል፤ ሕክምና ከዘገየ ጣት ወይም እጅ እስከ መቆረጥ ይደርሳል። ስለዚህ የኢንጀክተሩ ጫፍ ምንጊዜም ወደ መቀበያው ዕቃ ይዞራል፤ ማንም ርጭቱን በእጁ አይሞክር። ይህ አደጋ የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይወሰድ፤ «ናፍታ በግፊት ገብቶበታል» ተብሎ ለሐኪሙ ይነገር።

ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ መነጽር ተደርጎ ይሠራል። የናፍታ ጉም በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳትና ሲጋራ ይራቅ። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ለሚታዘዙና ከ1000 ባር በላይ ለሚሠሩ የኮመን ሬይል ኢንጀክተሮች አያገለግልም።

5. ፍተሻና እጥበት

ሞተሩ ጥቁር ጭስ ካበዛ በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ። እርሱ ንጹሕ ከሆነ የኢንጀክተሩ ዙሪያ በደንብ ተጠርጎ ይፈታል፤ ክፍት የሆኑት የቱቦ አፎች በሙሉ ይከደናሉ። ኢንጀክተሩ ከመሣሪያው ጋር ይገጠምና አየሩ እስኪወጣ ይረገጣል። ከዚያ የሚከተሉት ይታያሉ።

ሀ. የመክፈቻ ግፊት፦ ዘንጉ ቀስ ተብሎ ይጫንና ርጭቱ የሚጀምርበት ቁጥር ይነበባል። ዝቅ ካለ ስፕሪንጉ ደክሟል ወይም ማስተካከያው ተነቃንቋል።
ለ. ርጭት፦ ዘንጉ ፈጠን ተብሎ ሲጫን ናፍታው እኩል የተበተነ ጉም መሆን አለበት። እንደ ክር ቀጥ ብሎ ከወጣ ወይም ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ኖዝሉ ቆሽሿል ወይም አልቋል።
ሐ. ማንጠባጠብ፦ ግፊቱ ከመክፈቻው 20 ባር ዝቅ ብሎ፣ ዘንጉ ሳይለቀቅ ለ10 ሴኮንድ ይያዛል። ጫፉ ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት።

ጉድለት የታየበት ኖዝል ተፈትቶ ሌሊቱን በንጹሕ ናፍታ ይዘፈዘፋል። ጥላሸቱ በነሐስ ሽቦ ብሩሽና በእንጨት ስንጥር ይለቀቃል፤ የብረት ሽቦ፣ ቢላዋና የብርጭቆ ወረቀት አይነኩትም። መርፌና ቤቷ አብረው የተሠሩ ስለሆኑ ከሌላ ኖዝል ጋር አይቀላቀሉ። ከታጠበ በኋላ ኖዝሉ 45 ዲግሪ ዘንበል ብሎ መርፌዋ ሲሶዋን ተስባ ስትለቀቅ በራሷ ክብደት ተንሸራታ መግባት ይኖርባታል። ከዚያ ተገጥሞ በመሣሪያው ከ20 እስከ 30 ጊዜ ተረጭቶ እንደገና ይፈተሻል። በጨርቅ አይወለወልም፤ ብናኝ ይተዋል። የታጠበበት ናፍታም ወደ ጣሳው አይመለስም።

ሁለት ጊዜ ታጥቦ አሁንም የሚያንጠባጥብ ኖዝል አልቋልና ይለወጥ። የሚያንጠባጥብ ኖዝል ይዞ ማረስ ናፍታ ከማባከኑም በላይ ፒስተን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ኢንጀክተሩ ወደ ሞተሩ ሲመለስ አዲስ የመዳብ ዋሸር ይደረግለታል።

6. ቆሻሻው እንዳይመለስ

ከቆሻሻ በርሜል የሚቀዳ ናፍታ የታጠበውን ኢንጀክተር መልሶ ያቆሽሸዋል። በርሜሉ ከተቀመጠ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሳይነቃነቅ ይቆይ፤ መሳቢያው ቱቦ ከወለሉ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። የሞተሩ ታንከር ማታ ከሥራ በኋላ ቢሞላ ሌሊት በውስጡ ጤዛ አይበዛም። ከፊልትሮው ሥር የተጠራቀመው ውኃ በየጊዜው ይፍሰስ።

የልማት ሠራተኞች መካኒክ እንዲሆኑ አንጠይቅም። ማኅበሩ አንድ ጥንቁቅ አባል መርጦ መሣሪያውን እንዲያስረክበው፣ የእያንዳንዱ ሞተር የመክፈቻ ግፊትና የፍተሻ ቀን በመዝገብ እንዲጻፍ ማድረግ ግን ይችላሉ። ፍተሻው የሚደረገው ሞተሩ ሲቆም ሳይሆን እርሻና መስኖ ከመጀመሩ አንድ ወር በፊት ነው፤ ያን ጊዜ ያለቀውን ኖዝል ፈልጎ ለመግዛት ጊዜ ይኖራል።