ዘፈን ከጆሮ የማይወጣው በምን ምክንያት ነው?

ያልጠራነው ዘፈን ከአፋችን ገብቶ ሲመላለስ እናገኘዋለን። ልጅ መጽሐፉን ዘርግቶ ሳለ ያንጐራጕራል፤ እናትም ከምድጃው አጠገብ ሆና «ምነው ልጄ፣ ሌላ ነገር አጣህን?» ትላለች፤ ጥቂት ቈይታ ግን እርሷ ራሷ ያንኑ ዜማ ስታንጐራጕር ትሰማለች። በንባብ ቤት ውዳሴ ማርያምን የተማረ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዜማ የተያዘ ቃል ከልብ በቀላሉ አይጠፋም። ጭንቁም ከዚህ ላይ ነው፤ ዜማ መልካሙንም ክፉውንም ቃል ሳይመርጥ ተሸክሞ ያስገባልና። ስለዚህ ወላጅ ልጁን ከመቈጣቱ አስቀድሞ የነገሩን አሠራር ቢያውቅ ይጠቅመዋል ብለን፣ አንድ የታወቀ ዘፈን መርጠን ፈትተን ለማየት ወደድን።

ዘፈኑ ቢትልስ የተባሉት አራቱ የሊቨርፑል ወጣቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር በነሐሴ 1963 ዓ.ም. ያወጡት «ሺ ላቭዝ ዩ» ነው፤ ትርጓሜውም «ትወድሃለች» ማለት ነው። በዚያው ዓመት በብሪታንያ ከአንድ ሚሊዮን ሸክላ በላይ ተሸጠ፤ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስም በዚያ አገር ከእርሱ ይበልጥ የተሸጠ ነጠላ ሸክላ አልነበረም።

ብዙ ዘፈን አድማጩን በግጥሙ ጥቂት ካስኬደ በኋላ ወደ አዝማቹ ያደርሰዋል። ይህኛው ግን ከበሮው ለአንዲት ቅጽበት ተንከባልሎ ወዲያው በአዝማቹ ይከፈታል፤ እንግዳን ደጅ ሳያስቆሙ ወደ ማዕድ እንደ ማስገባት ያለ ነው። ዘፈኑም በሙሉ ሁለት ደቂቃ ተኩል አይሞላምና አድማጩ ሳይጠግብ ያልቃል።

የአዝማቹ ጕልበት ያለው «አዎን» ማለት በሆነችው፣ «ዬ» በምትለው በአንዲት ትንሽ ቃል መደጋገም ላይ ነው። ደራሲዎቹ ጆን ሌነንና ፖል ማካርትኒ ዘፈኑን በፖል አባት ቤት ፈጽመው ባሰሟቸው ጊዜ፣ አባት ጂም ማካርትኒ ይህችን የአሜሪካኖች አነጋገር ትተው በደንበኛው እንግሊዝኛ «የስ» ቢሉ እንደሚሻል መከሩ። እኒህ አባት በ1920ዎቹ ዓመታት የራሳቸውን የጃዝ ባንድ የመሩ ሰው ነበሩና ሙዚቃ አያውቁም አይባልም። ልጆቹ ምክሩን አልተቀበሉም። አባትን አለመስማት መልካም ባይሆንም፣ በዚህ ነገር ትክክለኞቹ እነርሱ ነበሩ ብለን እንፈርዳለን። «የስ» በመጨረሻው ድምፅ ይዘጋል፤ «ዬ» ግን አፍን ከፍቶ ይተዋልና ሕፃንም ባዕድም አብሮ ሊጮህበት ይችላል። ማስረጃም አለን፤ በጥር 1964 ዓ.ም. ዘፈኑን በፓሪስ በጀርመንኛ ሲቀዱት ሌላው ቃል ተለወጠ፣ ያች ቃል ግን ሳትተረጐም ቀረች።

በግጥሙም ዘፋኙ «እወድሻለሁ» አይልም። በሁለት በተጣሉ ወዳጆች መካከል ገብቶ፣ ልጅቱ ዛሬም እንደምትወደው ለወጣቱ ይነግረዋል፤ ይቅርታ እንዲጠይቃትም ይመክረዋል። ይህ የሽማግሌ ሥራ ነው! በዚሁ ብልሃት የተሠራ ሌላ ዘፈን ግን ነውረኛ ቃል ሊያቀብል ይችላልና፣ ወላጅ ዜማውን ሳይሆን ቃሉን አጣርቶ ማድመጥ ይገባዋል።

የመጨረሻው ድምፅ ደግሞ ይገርማል። ድምፆቹ በአንድነት ሲያርፉ ከመሠረቱ ድምፅ ስድስተኛው ተጨምሮበታል፤ የቀረጻው ኃላፊ ጆርጅ ማርቲን ያረጀ ፈሊጥ መስሎት ነበር፣ እነርሱ ግን አስቀሩት። ጨርሶ ያረፈ ስለማይመስል ጆሮ ተከታዩን ሲጠብቅ ይቀራል።

በ2016 ዓ.ም. የደራም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሦስት ሺህ ሰዎችን ጠይቀው ባወጡት ጥናት፣ ከአእምሮ የማይወጡት ዘፈኖች ምታቸው ፈጠን ያለ፣ የዜማቸው አወጣጥና አወራረድም የተለመደ፣ ነገር ግን በመካከሉ ያልተጠበቀ ዝላይ ወይም ድግግሞሽ ያለባቸው ሆነው ተገኝተዋል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በሪዲንግ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ሙከራ ማስቲካ ማኘክ የሚመላለሰውን ዜማ እንደሚያዳክም ታይቷል። አእምሮ ዜማ ሲያስብ አፍም በስውር አብሮ ይዘፍናልና፣ መንጋጋ ሌላ ሥራ ሲይዝ ዜማው ይደክማል። በቤት ውስጥ ከማስቲካውና ከዘፈኑ የትኛው እንደሚሻል መምረጡን ለእናቶች እንተዋለን።